መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 26 ሲሆን ከአራት ጓደኞቼ ጋር በሠርግና በሆቴል ጊታር እጫወታለሁ። አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ ባለ ቲዩብ (እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) የጊታር አምፕሊፋየር አለኝ። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ ከ220 ወደ 110 ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው የምጠቀመው። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ እየተጫወትን መብራት ሄደ፤ ወዲያው መጣ፤ አሁንም ሄደ። በጨለማ ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ቤት ገባን። በማግሥቱ ሳበራው ቀዩ መብራት ይበራል፣ ከኋላ ያሉት ቲዩቦችም ይግላሉ፣ የጊታሩ ድምፅ ግን የለም። ጊታሩን በዚያው ገመድ በሌላ ሰው ሚክሰር ላይ ሞክሬው ይሠራል። በሠርጉ ላይ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመውን የዲሌይ ፔዳሌን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሴንድና ሪተርን በሚሉት ቀዳዳዎች ሰክቼ ነበር፤ አሁን ነቅዬዋለሁ። ጆሮዬን ወደ ስፒከሩ ሳስጠጋ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ቀጭን ሹሹታ ይሰማኛል፤ የጌን ቁልፉን ብጨምረውም ብቀንሰውም ግን ያው ነው። ጓደኞቼ ስፒከሩ ተቃጥሏል ይላሉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ባለሙያ ደግሞ ሳይከፍተው «የድምፅ መውጫው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፤ እንደገና መጠቅለል አለበት» ብሎ 9 ሺህ ብር ጠየቀኝ። የፊታችን ቅዳሜ ሠርግ አለብን። ገንዘቡን ልክፈል? ወይስ እኔው ከፍቼ ልየው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለአጻጻፍህ ላመስግንህ። አብዛኛው ሰው «አምፕሊፋየሬ አልሠራ አለኝ» ብሎ ደብዳቤውን ይዘጋል፤ እኔም ከዚህ ሆኜ ምን እንደምለው ይቸግረኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተ ግን ያየኸውንም የሰማኸውንም ሳታስቀር ነገርከኝ። ከነገርከኝ ሁሉ ደግሞ አንዲት ነገር ትበልጥብኛለች፤ ያቺ እንደ ሩቅ ዝናብ የምትሰማህ ሹሹታ።

ስለዚህ ከመልሱ ልጀምር። 9 ሺህ ብሩን አትክፈል። ስፒከርም አትግዛ። የአምፕሊፋየሩንም ሆድ አትክፈት። ዛሬ ማታ የሚያስፈልግህ አንዲት አጭር የጊታር ገመድ ብቻ ናት፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በስፒከር ውስጥ ከወረቀቱ ጀርባ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። ስፒከር ተቃጠለ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ያ ሽቦ ግሎ ሲበጠስ ነው። የተበጠሰ ሽቦ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ድምፅ አያሳልፍም፤ ጆሮህን ብትለጥፍበት እንኳን ጸጥ ይልሃል። የአንተው ስፒከር ግን ይተነፍሳል። የድምፅ መውጫው ትራንስፎርመርም እንዲሁ ነው። ከትልልቆቹ ቲዩቦች የሚወጣው ድምፅ ወደ ስፒከሩ የሚደርሰው በእሱ በኩል ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሹሹታዋ ከስፒከሩ ከተሰማች እሱን አልፋ ነው የመጣችው። ከፊል ጉዳት ቢደርስበት እንኳን ድምፁ የደከመና የሻከረ ይሆናል እንጂ የጊታሩ ድምፅ ብቻ ተለይቶ ድራሹ አይጠፋም። ባለሙያው ክፉ ሰው ነው አልልም። ነገር ግን ሳይከፍትና ሳይለካ ፈርዷል፤ በሰው ንብረትና በወጣት ልጅ ገንዘብ ላይ እንዲህ መፍረድ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ሹሹታዋ የምትመሰክረው ሌላም ነገር አለ። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውኃ ሲጠፋበት እርሻውን አይቆፍርም፤ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውኃው እስከየት እንደደረሰና ከየት ላይ እንደቀረ ያያል። የጊታር ድምፅም መንገዱ እንደዚያው ነው። ከክሩ ተነስቶ በገመዱ ይገባል፤ በትንንሾቹ ቲዩቦች በኩል ያልፋል፤ ጌን፣ ቤዝና ትሬብል የሚባሉት ቁልፎች ያሉት በዚሁ ክፍል ነው። ከዚያ በትልልቆቹ ቲዩቦች ጉልበት አግኝቶ በትራንስፎርመሩ ወደ ስፒከሩ ይወርዳል። መንገዱ ያልተቋረጠ ቢሆን ኖሮ ጌኑን ስትጨምር ሹሹታዋም አብራ ከፍ ማለት ነበረባት፤ ምክንያቱም ጌን የፊተኛውን ክፍል ትንፋሽ ሁሉ ያጎላዋል። አንተ ግን «ያው ነው» አልከኝ። እንግዲያው የምትሰማው የኋለኛውን ክፍል ትንፋሽ ብቻ ነው። ቦዩ የተቆረጠው ከጌኑ በኋላ፣ ከትልልቆቹ ቲዩቦች በፊት ነው።

በዚያ ቦታ ላይ ምን አለ? ፔዳልህን የሰካህባቸው ሴንድና ሪተርን የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች፤ ድምፁ በሴንድ ወደ ፔዳሉ ይወጣል፣ በሪተርን ይመለሳል።

ቀዳዳዎቹን በቅርብ ላሳይህ። በሪተርን ቀዳዳ ውስጥ የጥፍርህን ስፋት የማታህል ስስ የብረት ምላስ አለች። ምንም ሳይሰካ ሲቀር ይህቺ ምላስ ከጎኗ ካለ ሌላ ብረት ጋር ትነካካለች፤ ከፊተኛው ክፍል የመጣው ድምፅ በእሷ በኩል ወደ ኋለኛው ያልፋል። ገመድ ስትሰካ ጫፉ ምላሷን ገፍቶ ያነሳታል፤ ድምፁም በዚያ ማለፉን ትቶ በፔዳሉ በኩል ይዞራል። ስትነቅለው ተመልሳ መንካት አለባት። አቧራ ከገባባት፣ ገጿ በእርጥበት ከዛገ ወይም በኃይል ስትጎትተው ከተጣመመች ግን ብትመለስም አትነካም። ለዓይን ምንም የሌለ ይመስላል፤ ድምፁ ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት «ሞተ» ተብለው ከመጡልኝ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ይህቺ ምላስ ጥፋተኛ የሆነችባቸውን መቁጠር ትቻለሁ። አንተም በጨለማ፣ በችኮላ ነው የነቀልከው። መብራቱ ሄዶ መምጣቱ ሐሳብህን ወስዶታል፤ ግን ሁለት ነገር በአንድ ሌሊት ስለተከሰተ አንዱ የሌላው ልጅ ነው ማለት አይደለም።

አሁን አጭሯን ገመድ አምጣት። አምፕሊፋየሩን አጥፋ፤ ቮልዩሙን ዝቅ አድርግ። የገመዷን አንዱን ጫፍ ሴንድ ላይ፣ ሌላውን ሪተርን ላይ ስካ። ይህን ስታደርግ የቆሸሸችዋን ምላስ ተሻግረህ በላይዋ ድልድይ ሠራህ ማለት ነው። ከዚያ ጊታሩን እንደወትሮው ፊት ለፊት ሰክተህ አብራ፤ ቲዩቦቹ እስኪሞቁ አንድ ደቂቃ ያህል ታገሥና ቮልዩሙን ቀስ እያልክ ከፍ አድርግ። በእነዚያ ቀዳዳዎች አጠገብ መጠን የሚቆጣጠር ትንሽ ቁልፍ ካለ ዜሮ ላይ አለመሆኑንም እይ፤ ዕቃ ሲሰበሰብ በእጅ ተነክቶ ይዞራል።

ድምፁ ከመጣ ነገሩ አልቋል። ያቺን ገመድ እንደተሰካች ትተህ የቅዳሜውን ሠርግ ያለ ሐሳብ መጫወት ትችላለህ፤ ገመዷ በአምፕሊፋየሩ ላይ አንዳች ጉዳት አታደርስም። ሠርጉ ሲያልፍ ደግሞ ምላሷን አጽዳት። ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ግዛ። ዝገት የሚያላቅቀውንና ቅባት የሚተወውን እንዳትገዛ፤ እሱ አቧራ እየሰበሰበ ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅለህ፣ ቲዩቦቹ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዙ በኋላ ወደ ሪተርን ቀዳዳ አጭር ርጭት ብቻ ርጭበት፤ ወዲያው የገመድ ጃክ 15 ወይም 20 ጊዜ እያስገባህ አውጣ። ምላሷን የሚያጸዳት ፈሳሹ ብቻ ሳይሆን ይህ መፋተግ ነው። ፈሳሹ በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ በደንብ ሳይደርቅ አታብራው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

በድልድዩ ድምፅ ካልመጣ አትደንግጥ፤ የሚቀጥለው ፍተሻም መክፈት አያስፈልገውም። አጭሯን ገመድ ንቀላትና ጊታሩን በቀጥታ ሪተርን ላይ ስካው። የፊተኛውን ክፍል ስለዘለልከው ድምፁ ቀጭንና ደካማ ይሆናል፤ ያ ጤነኛ ነው። ጊታርህ ከተሰማ የኋለኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ከፊት ነው። ከፊት ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ትንንሾቹ ቲዩቦች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በላያቸው 12ኤኤክስ7 ወይም ኢሲሲ83 የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ዓይነት ቲዩብ መጠሪያ ናቸው፤ አንዱ የአሜሪካ፣ ሌላው የአውሮፓ። በአብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች እነዚህን ከጀርባ በእጅ መድረስ ይቻላል። ከሶኬት ነቅለህ፣ እስኪቀዘቅዙ ጠብቀህ፣ የብረት ቆብ ካላቸው ቆቡን አውልቀህ፣ ቀጥ አድርገህ ሳብ። እግሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ አታወላግዳቸው። ተመሳሳይ ጽሑፍ ያላቸውን ሁለቱን ቦታ ለቦታ አቀያይር፤ የድምፁ ጠባይ ከተለወጠ የታመመውን አገኘኸው ማለት ነው። ትልልቆቹን ቲዩቦች ግን ተዋቸው። እነሱ ሲቀየሩ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስትሞክር አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ የስፒከሩን ገመድ ነቅለህ አምፕሊፋየሩን እንዳታበራ። በቲዩብ ፈንታ ትራንዚስተር ያለው አምፕሊፋየር ይህን ይችለዋል፤ ባለ ቲዩቡ ግን አይችለውም። ትልልቆቹ ቲዩቦች የሚገፉት ጉልበት መውረጃ ሲያጣ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ቮልቴጁ ያሻቅብና የሽቦዎቹን መከላከያ ይበሳል። ያኔ ያ ባለሙያ በግምት የተናገረው በእውነት ይደርስብሃል።

«እኔው ከፍቼ ልየው?» ላልከኝ፣ መሣቢያዬ ውስጥ የማስቀምጠው አንድ ካቻቢቴ አለኝ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከሶኬት የተነቀለ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ከሰዓት በኋላ ከፍቼ ስጎረጉር ካቻቢቴው በአንድ በኩል አንድ ጫፍ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሣጥኑን ነካ። ሰማያዊ ብልጭታና ጥይት የመሰለ ድምፅ ሆነ። ጭሱ ሲበተን የካቻቢቴው ብረት ላይ የምስር ክክ የምታህል ጉድጓድ ቀልጣ ነበር። በዚያ ቦታ የነበረው ብረቱ ሳይሆን ጣቴ ሊሆን ይችል ነበር። በባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ጣሳ የሚመስሉ የኤሌክትሪክ ማከማቻዎች አሉ፤ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይይዛሉ፤ ከሶኬት ስለነቀልከው ብቻ ባዶ አይሆኑም። አንዳንዶቹ በደቂቃ ይራገፋሉ፤ አንዳንዶቹ ለሰዓታት ይቆያሉ፤ የቱ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ሽፋኑን የሚፈታው እንዴት እንደሚራገፉ ተምሮ፣ ለክቶ ዜሮ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰው ብቻ ነው። ካቻቢቴውን ዛሬም ለሚማሩት ልጆች አሳያለሁ።

ሁለቱም ፍተሻዎች ካልሠሩና ወደ ባለሙያ መሄድ ካለብህ፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቀው፦ «ከፍተህ ሳትለካ ምኑ እንደተበላሸ ልትነግረኝ ትችላለህ?» እችላለሁ ካለህ አመስግነህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። በባለ ቲዩብ የሠራ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን የሚነግርህ፣ የቀየረውንም አሮጌ ዕቃ መልሶ የሚሰጥህ ሰው ፈልግ። ያደረግካቸውን ፍተሻዎችም ንገረው፤ «ሪተርን ላይ ስሰካው ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር የግማሽ ቀን ድካም ታስቀርለታለች።

ስለ መብራቱም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ምክንያቱም ዛሬ አምፕሊፋየርህን ባይጎዳው ነገ ይጎዳዋል። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ። መቀነሻህ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ከጀርባው ባለው ጽሑፍ ላይ 60 ብቻ ከተጻፈ በውስጡ ያለው የኃይል ትራንስፎርመር እዚህ ሲሠራ ከአገሩ የበለጠ ይሞቃል፤ 50/60 ከተጻፈ ግን አያሳስብህ። የሚሞቅ ከሆነ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው፤ በእረፍት ሰዓትም አጥፋው። መቀነሻው ራሱ ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ዋት የሚችል ይሁን። በእጅህም መዝነው፤ እውነተኛ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ስለሆነ ይከብዳል። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል የጉዞ መቀየሪያዎች ለአምፕሊፋየር አይሆኑም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያውኑ የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ አጥፋ፤ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ሄዶ የሚመጣው መብራት የሚመታው በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የሦስተኛው እግር ነገር ነው። የአሜሪካ አምፕሊፋየር ስፒና ሦስት እግር አለው፤ ክቡ እግር የመሬት መስመር ነው። እዚህ ሶኬቱ አልገጥም ሲል በፒንሳ ቆርጠው የሚጥሉትን ብዙ አይቻለሁ። ያንተ ተቆርጦ ከሆነ ከማንኛውም ጥገና በፊት እሱን አስተካክል። የጊታርህ ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ሣጥን ጋር የተያያዙ ናቸው። በውስጡ አንድ የኃይል ሽቦ ላልቶ ሣጥኑን ቢነካ፣ መሬት ካለው ፊውዙ ይቃጠልና ትተርፋለህ። መሬት ከሌለው ግን ኤሌክትሪኩ ክሮቹ ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ከንፈርህ ማይክሮፎኑን በነካበት ቅጽበት በእጅህ ገብቶ በአፍህ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የስኮትላንዱ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ መሬት ያልነበረውን ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። ዕድሜው ከአንተ ብዙ አይርቅም ነበር። መቀነሻህም የመሬቱን መስመር የሚያሳልፍ መሆኑን፣ የምትጫወቱበት አዳራሽ ወይም ድንኳን ሶኬትም እውነተኛ መሬት እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስለካ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ፊውዝ ሲቃጠልም በዚያው ቁጥር ተካው እንጂ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት አትጠቅልለው።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ቃል። አምፕሊፋየራችሁ ባለ ትራንዚስተር ከሆነና መብራቱ እየበራ ድምፅ ካጣችሁ፣ በመጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ተመልከቱ። በእሱም ውስጥ ያቺው ምላስ አለች፤ ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩን ትቆርጣለች፤ ከቆሸሸች ማዳመጫው ከወጣ በኋላም እንደቆረጠች ትቀራለች። የጊታር ጃክ ደጋግማችሁ አስገቡና አውጡ፤ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የማዳመጫውን። ጨርሶ ጸጥ ካለና ስፒከሩን ከጠረጠራችሁ፣ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የስፒከሩን ሁለት ሽቦዎች ለይታችሁ፣ በአንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ነካ አድርጓቸው። ጧ ብሎ ወረቀቱ ከተነቃነቀ ስፒከሩ በሕይወት አለ። በመልቲሜትር ለሚለኩም ባለ 8 ኦም ስፒከር ሲለካ ከ6 እስከ 7 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ያ ጉድለት አይደለም። ክራራችሁን በፒክአፕ የምታጎሉም ፍተሻው ለእናንተ ያው ነው፤ ብቻ በክራሩ ወይም በፕሪአምፑ ውስጥ ያለችውን የ9 ቮልት ባትሪ አስቀድማችሁ ለውጡ።

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ዛሬውኑ ድልድዩን ሞክር። ምናልባት ካልሠራ ሠርጉን ላለማጣት ጊታርህን በፔዳልህ በኩል ወደ ሚክሰሩ አስገባ፤ የምትወደውን ድምፅ አይሰጥህም፣ ሙሽሮቹ ግን ይጨፍራሉ። ከዚያ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፤ በተለይም ገመዷ ተሰክታ ጌኑን ስትጨምር ሹሹታዋ ከፍ ማለቷንና አለማለቷን።